የዶክተር ፓናኽ የፍለጋ ፈተና

ዶክተር ሃርትቪግ ፓናኽ ለመናገር ሲነሱ መጀመሪያ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ቀጥሎ በክራቫታቸው ጫፍ ይወለውሉታል፤ ከዚያ መልሰው አፍንጫቸው ላይ ይሰኩታል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አዳራሹ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የድሬኒትስ ሰው መጠበቅ ያውቅበታል። የከሰል ቆፋሪዎቹ መንደራችንን ከነቤተ ክርስቲያኑ እስኪያፈርሱት ድረስም ቁጭ ብለን ነው የጠበቅነው።

አንቱ ማለቴን ከአክብሮት አትቁጠሩት። ሃርትቪግን ከነንፍጡ አውቀዋለሁ። ከተማ ሄዶ ስለ ቧንቧ ዝገት ተመራምሮ ዶክተር ሆኖ ሲመለስ፣ አንድ ኩሬ ውስጥ አብረነው የዋኘነውን እኛን “ወይዘሮ” እና “አቶ” እያለ መጥራት ጀመረ። እኔም ከዚያ ወዲህ በአንቱታ እቀልድበታለሁ፤ እሱ ግን የምር መስሎት ደስ ይለዋል።

መንደራችን ከፈረሰ በኋላ ግማሻችን አዲስ ድሬኒትስ የሚባል፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ሰፈር ውስጥ ሰፈርን፤ ግማሻችን በየከተማው ተበተንን። ኢንተርኔት ላይ “ድሬኒትስ” ብሎ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ስለ ከሰል ጉድጓዱ ብቻ ሆነ፤ ስንት ቶን እንደወጣ፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ። እዚያ ሰው ይኖር እንደነበር የሚናገር አንድ ገጽ የለም። በዚህ ተናደን ማኅበር አቋቋምን። የሠርግ ፎቶውን፣ የመቃብሩን ካርታ፣ በካሴት የተቀዳውን የሰው ድምፅ ሁሉ ሰብስበን የራሳችንን መፈለጊያ አሠራን።

ፕሮግራሙ ፍልፈል ይባል ነበር። አንድ ትልቅ ማሽን የለውም። በየቤታችን የዳቦ ቆርቆሮ የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር አለች፤ ሁሉም በኢንተርኔት ይገናኛሉ። አንድ ሰው አንድ ነገር ሲያስገባ ፍልፈል ቅጂውን አባዝቶ ለሦስት ሌሎች ቤቶች ያድላል። ለባለቤቱ ቤት ግን አይሰጥም፤ ቤቱ ቢቃጠልበት ትዝታው አብሮ እንዳይቃጠል ነው። ስለዚህ የእኔ የሠርግ ፎቶ ጎረቤቶቼ ዘንድ፣ የጎረቤቶቼ ደግሞ እኔ ዘንድ በአደራ ተቀምጦ ነበር። ምን ነገር እንዳለ የሚያሳየው ዝርዝር ብቻ በሁሉም ቤት ይገኛል። ከልጅነት ጀምሮ ካየኋቸው የሰው ሥራዎች ሁሉ እንደዚህ ደስ ያለኝ የለም።

ያን ፍልፈል ከልቡ የሚጠቀምበት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቻችን ዕቃችንን አስገብተን ረሳነው። ጓደኛዬ ዋልትራውት ምሮስክ ግን በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጥ ቤቷ ውስጥ ትቀመጥና፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ በአንድ ጣቷ “አርኖ” ብላ ትጽፋለች። አርኖ የሞተው ባሏ ነው፤ የእሳት አደጋ ቡድናችን አለቃ ነበር። መንደሩ ከመፍረሱ በፊት በተደረገው የመጨረሻው በዓል ላይ ያደረገው ንግግር በካሴት ተቀድቷል፤ ፍልፈል ውስጥ በስሟ ያስገባችውም እሱን ነው። ንግግሩ እንኳ የሚረባ አይደለም፤ አርኖ እሳት ማጥፋት እንጂ ንግግር ማሳመር አይችልም ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ማይኩ የተዘጋ መስሎት፣ “ዋልትራውት! ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብሱን አስገቢ!” ይላል። ሕዝቡ ይስቃል። እዚያ ላይ ያልቃል።

እሷ የምትሰማው ያንን ነው። ሰምታም ጮክ ብላ “እሺ፣ አስገባዋለሁ” ትለዋለች። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ገብቼ ሰማኋት። አላፈረችም፤ “ካልመለስኩለት ደግሞ ይጮሃል” አለችኝ።

ካሴቱስ እንዳትሉኝ። ካሴቶቹን ዶክተሩ አስጣሏቸው። “ሦስት ሦስት ቅጂ እያለን ይህን ፕላስቲክ ማከማቸት ኋላ ቀርነት ነው” ብለው በጆንያ አስጭነው ወደ ቆሻሻ ማስወገጃ ላኩት። እኛም እጃችንን አውጥተን አጸደቅን።

ከዚያ ፍልፈልን የሠራው ወጣት አግብቶ ልጅ ወለደና “ከእንግዲህ አላድሰውም፣ ሌላ ፈልጉ” ብሎ ጻፈልን። ዶክተሩ ይህን ዕድል ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩ ነው የሚመስለው። መነጽሩ ወለቀ፣ ተወለወለ፣ ተሰካ።

“ዝም ብለን አንመርጥም” አሉ። “ሁለት እጩ ፕሮግራሞች አሉን፤ አንዱ መንጋ፣ ሁለተኛው ድር። ከፍልፈል ጋር በአስተማማኝነትና በአጠቃቀም ቅለት እናወዳድራቸዋለን። በሳይንሳዊ መንገድ!”

“በምን መንገድ?” አለ መስማት የሚቸግረው ዴትሌፍ ሾልታ።

“በሳይንሳዊ!”

“እሺ፣ ብቻ ከምሳ በፊት ይለቅ።”

ዶክተሩ ቀጠሉ። ፈተናው ፍትሐዊ እንዲሆን ሁሉም ማሽን በእኩል ሁኔታ መሥራት አለበት፤ የአንዱ ቤት ኢንተርኔት ፈጣን፣ የሌላው ቀርፋፋ ከሆነ ውጤቱ አይወዳደርም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ማሽኑን ነቅሎ ወደ እሳት አደጋው ቤት ያምጣ፤ በየከተማው ያሉትም በፖስታ ይላኩ።

እንግዲህ አስቡት። ቤት ቢቃጠል እንዳይጠፋ ተብሎ በሃያ ሰፈር የተበተነውን ነገር፣ ተበትኖ መቀመጡ ይጠቅም እንደሆነ ለመፈተን አንድ ቤት ሰበሰብነው። ይህን ደግሞ ማንም አልሳቀበትም። ጠረጴዛውን በጣታችን አንኳኳን፤ የማኅበራችን ጭብጨባ ይኸው ነው። ሰዎቹ ከሃምቡርግ ሳይቀር በጨርቅ ጠቅልለው ላኩ።

እንቢ ያለች አንዲት ሴት ብቻ ናት።

“እኔ አላመጣም” አለች ዋልትራውት።

“ወይዘሮ ምሮስክ፣ ምክንያትዎን ለቃለ ጉባኤው ቢያስረዱን።”

“እሁድ እፈልገዋለሁ።”

“ፈተናው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።”

“ሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት እሁድ አለ፣ ሃርትቪግ።”

ሳቅ ሆነ። ዶክተሩ ቀይ ሆነው ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ኋላ ሳየው “የማይተባበር ማሽን” ይላል። የዋልትራውት ማሽን ከሁላችንም የሚበልጠው ዲስክ ያለው ነበር። አርኖ በሕይወት እያለ “የእሳት አደጋ አለቃ ቤት ትልቁ በርሜል ሊኖር ይገባል” ብሎ ያስገባው ነው፤ የብዙዎቻችን ነገር እሷ ዘንድ ይገኝ ነበር።

ማሽኖቹ መጀመሪያ የተደረደሩት የእሳት አደጋው ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ግን ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ የሚለማመደው የዘፈን ቡድን “ይህ ጉርምርምታ ድምፃችንን አበላሸው” ብሎ አቤት አለ። የዘፈን ቡድኑን ድምፅ ከነበረበት በላይ የሚያበላሽ ነገር አለ ብዬ አላምንም ነበር። ዶክተሩ ማሽኖቹን ወደ ምድር ቤት አስወረዷቸው።

“ውሃውስ?” አለ ዴትሌፍ።

ውሃውን እዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ጉድጓዱ እያለ የመሬት ውስጡን ውሃ ስንት ዓመት ሲጠጡ የኖሩት ፓምፖች ማዕድኑ ሲዘጋ ቆሙ፤ ውሃው ደግሞ ወደ ድሮ ቦታው እየተመለሰ ነው። ሁላችንም ድንቻችንን ከምድር ቤት ወለል አንስተን ጣውላ ላይ ሰቅለናል። ዶክተሩ ራሳቸው ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚንኮራኮር ፓምፕ አላቸው።

“ውሃ በመስፈርቱ ውስጥ የለም” አሉ ዶክተሩ። “ደግሞም ጊዜያዊ ነው።”

የላይኛው መደርደሪያ በቢራ ብርጭቆዎች የተያዘ ስለነበር ማሽኖቹ ታችኛው ላይ ተቀመጡ። ብርጭቆዎቹ ይሰበራሉ ተብሎ አልተነኩም።

የአጠቃቀም ቅለት ፈተናው በቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ተፈታኙ ማን ነበር? ዶክተሩ ራሳቸው። ሦስቱን ፕሮግራሞች ራሳቸው ከፈቱ፣ ራሳቸው ጻፉ፣ ራሳቸው ቀላል ነው አሉ። ዋልትራውት ከኋላ ተነሥታ “እኔም ልሞክረው” አለች። መከልከል አልቻሉም፤ ሰው ሁሉ ያያል።

መንጋ ፊት ቀረበች። “አርኖ” ብላ ጻፈች። መንጋ የዓለምን አርኖ ሁሉ ግር አድርጎ አወጣላት፤ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ወንዝ፣ የጫማ ማስታወቂያ፣ ከጎኑም በቀለም ያሸበረቀ ክብ ሥዕል። የእኛ አርኖ የለበትም።

“ክብ ሥዕሉን ይጫኑት” አሉ ዶክተሩ።

“ለምን?”

“ውጤቱን ለማጥበብ።”

“አርኖ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠባል?”

ወደ ድር ተዛወረች። ድር ደግሞ አርኖን ከመፈለጉ በፊት ይጠይቃል። ከስንት ማሽን ይፈለግ? የትኛው ዓይነት ነገር? ስሙ በቅንፍ ነው ያለ ቅንፍ? ዋልትራውት አንዱን ሞላች፣ ሌላውን ዘለለች፣ ተጫነች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ የመጠይቁ ቅርጽ ትክክል አይደለም።

“ምን ይላል?”

“ስህተት ሠርተዋል ይላል።”

“የባሌን ስም ነው የጻፍኩት፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?”

“የተጠቃሚ ስህተት ነው፤ የፕሮግራሙ አይደለም” አሉና ዶክተሩ ለድር ሙሉ ነጥብ ሰጡት። ዋልትራውት ወንበሯ ላይ ተመልሳ ከአጠገቤ ተቀመጠች። “ሬናቴ፣ ይህ ከተመረጠ እኔ አርኖን በምን ላገኘው ነው?” አለችኝ። እጇን ያዝኩት። በዚያች ደቂቃ ሃርትቪግን ከነክራቫቱ ምድር ቤት ብዘጋበት ደስ ባለኝ።

የአስተማማኝነቱ ፈተና ደግሞ እንደ ሰርከስ ነበር። ዶክተሩ መደርደሪያው ፊት ቆመው የአንዱን ማሽን ገመድ ከሶኬቱ ይነቅላሉ፤ ምክትላቸው ከላይ ሆኖ ይፈልግና “ተገኝቷል!” ብሎ ይጮሃል፤ እኛ እናንኳኳለን። ሌላ ይነቀላል፤ “ተገኝቷል!” እናንኳኳለን። ድር ግማሹ ማሽን ተነቅሎ እንኳ አልተበገረም። ፍልፈል ትንሽ ዘገየ። መንጋ ደነገጠና ቆመ። ዶክተሩ ድርን አሸናፊ ብለው ሲያውጁ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ ፕሮግራሙን የወለዱት እንጂ የመረጡት አይመስሉም። ሁሉም ገመድ ወደሚሰካበት አንድ ግድግዳ የተመለከተ ሰው አልነበረም።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ፤ ማሽኑን የወሰደ ግን የለም። አንዱ “እቤት ቦታ የለኝም” አለ፤ ሌላው “ለካ ሳይጮህብኝ ማደር ይሻለኛል” አለ፤ ከተማ ያሉት የመልስ ፖስታውን ለመክፈል ሰነፉ። እኔም ከመስኮቴ ሥር በማሽኑ ቦታ አበባ አስቀምጬ ነበርና አልቸኮልኩም። ዶክተሩ “ወደ ድር እስክንሸጋገር ፍልፈልም ጎን ለጎን ይሠራል፤ እዚያው ይቆይ” አሉ። የበረዶው ክረምት በሙሉ እዚያው ቆየ።

ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት በአንዱ እሁድ ዋልትራውት ስልክ ደወለችልኝ። “አርኖ ዝም አለ” አለችኝ። ሄጄ አየሁ። “አርኖ” ብላ ትጽፋለች፤ ማሽኑ “አንድ ውጤት ተገኝቷል” ይላል፤ ስትጫነው ድምፅ የለም። ዶክተሩ ጋ ደወልን።

“ጊዜያዊ መቆራረጥ ነው፣ ወይዘሮ ምሮስክ። ሥርዓቱ ራሱን ያክማል።”

“ወርዶ ያየው ሰው አለ?”

“መውረድ አያስፈልግም። ውበቱ እሱ ላይ ነው።”

በቀጣዩም እሁድ እንደዚያው፤ ከዚያም በቀጣዩ። ከእሷ በቀር የሚፈልግ ሰው ስላልነበረ ሌላ ማንም አላወቀም። በፋሲካ ዋዜማ ወጣቶቹ ለእሳት ማብራቱ በዓል አግዳሚ ወንበርና ብርጭቆ ሊያወጡ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ውሃው እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። ማሽኖቹ ከነጭቃቸው ከሥሩ ተኝተዋል። ከላያቸው የቢራ ብርጭቆዎቹ በረድፍ ደርቀው ያበራሉ። ወጣቶቹ ብርጭቆዎቹን አወጡ፣ በዓሉም ተከበረ፤ እኔ በዚያ ቀን ከማንም ጋር ቢራ አልጠጣሁም።

ዲስኮቹን ከተማ የወሰዳቸው ባለሙያ ጭቃውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ የሚድን አልነበረም። አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። ዶክተሩ መነጽራቸውን ሳይወለውሉ ተነሡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። “ያልተጠበቀ የተፈጥሮ ክስተት” አሉ። ዴትሌፍ “ውሃ ነው” አላቸው። ከዚያ አንዱ ድንገት፣ “የዋልትራውት ማሽንስ?” ብሎ ጮኸ። ያ የማይተባበረው ማሽን።

በማግስቱ አዲስ ድሬኒትስ በሙሉ ፍላሽ በኪሱ ይዞ ዋልትራውት በር ላይ ተሰለፈ። አላባረረቻቸውም። እኔ ብሆን አባርር ነበር። ድንች ቀቅላ፣ አይቡን በተልባ ዘይት አድርጋ፣ ለየሰዉ በየተራ አደራውን መለሰችለት። የእኔም የሠርግ ፎቶ እሷ ዘንድ ነበር። የዴትሌፍ አባት ከፈረሱ ጋር ተገኘ። የመቃብሩ ካርታም አለ። የሰዉ ሁሉ ነገር አለ፤ የአርኖ ብቻ የለም። ፍልፈል ለባለቤቱ ቤት አይሰጥም ብያችኋለሁ። እሷ የሁላችንን ጠበቀች፤ የእሷን እኛ አሰጠምነው።

ሃርትቪግ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይብቃው፤ ለቀልድ እንኳ አይገባውም። የእናቱን የኤልስቤትን ድምፅ ነበር የሚፈልገው። ዋልትራውት ጻፈችለት፣ ተጫነች። እትዬ ኤልስቤት ስለ ጎመን አተካከል ለማዘጋጃ ቤቱ ሰው እያስረዳች ሳለ ድንገት ትዞርና አጥሩን አሻግራ ትጮሃለች፤ “ዋልትራውት! ዝይዎችሽ ጎመኔን ጨረሱት! ነይ ሰብስቢያቸው!”

ሃርትቪግ ዓይኑ እርጥብ ሆነ። አንድ አፍታ ሰው መሰለኝ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

“ያለ እንከን ይሠራል” አለ። “ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ አብዛኛው መረጃ ድኗል ብዬ መጻፍ እችላለሁ። አሁን ይህን ማሽን ወደ ድር እንቀይረዋለን።”

“አርኖስ?” አለች ዋልትራውት።

ቁልፉን ራሱ ነካ። አርኖ። አንድ ውጤት ተገኝቷል። “አዩ? ዝርዝሩ ላይ አለ። ፍለጋው ያገኘዋል። ድምፁ ነው እንጂ የሌለው፣ በሙያው ቋንቋ ጠፋ አይባልም።”

“ውጣ ከዚህ!” ያልኩት እኔ ነኝ። ድንቹን ይዤ ነበር፤ አልወረወርኩትም፣ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ዋልትራውት ግን ፍላሹን ከማሽኑ ነቅላ በእጁ አስቀመጠችለት። “እናትህን ይዘህ ሂድ፣ ሃርትቪግ። ማሽኔን አትነካም” አለችው። ሄደ። ሪፖርቱም ታተመ፤ ድር በአስተማማኝነት አንደኛ ነው፤ ሁሉም ሰው አንኳኳ።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወደ ዋልትራውት ጎራ አልኩ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ማሽኑ ፊት ተቀምጣለች፤ በአንድ ጣቷ እየፈለገች ትጽፋለች። አርኖ አይደለም የጻፈችው። ኤልስቤት ፓናኽ ብላለች።

“ዋልትራውት! ዝይዎችሽ ጎመኔን ጨረሱት!”

“አንቺ ሴት፣ የዚያን ከንቱ እናት ምን አድርጊልኝ ብለሽ ነው?” አልኳት፤ ተናድጄ ነበር።

“ስሜን ትጠራኛለች” አለች። “ከሞቱት ውስጥ የሚጠራኝ እሷ ብቻ ቀረች።”

ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞራ “መጣሁ፣ እትዬ ኤልስቤት” አለችና ደግማ ተጫነችው።